ጠያቂ ከሌለ ተጠያቂ የለም

(ሰኮሩ በተካሄደው የማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከሒሳብ ክፍል ሰው ሲነሳ ስለ ቁጠባና ስላልተመለሰ ብድር ሊወራ ነው ብላችሁ እንደምትጠብቁ እናውቃለን። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት በጽሑፍ ተሰጥቷችኋል፤ ጥያቄ ካላችሁ ከቡና በኋላ እንመለስበታለን። አሁን የምንናገረው ስለ ሌላ ዓይነት ሒሳብ ነው።

ባለፈው ስብሰባችን ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ከእናቶቻችን አንዷ አንድ ጥያቄ ጠየቁን። ልጃቸው በ2013 ዓ.ም. ወታደር ሆኖ ወደ ሰሜን ሄዷል። ከዚያ ወዲህ አልደወለም። «ሞተ እንዳልል መርዶ አልመጣልኝም። አለ እንዳልል ድምፁን አልሰማሁም። ተማርኮ ከሆነስ ማንን ነው የምጠይቀው? የማረከውን ወታደር አላውቀው!» አሉን። ቤቱ ጸጥ አለ። እኛም ያን ዕለት «አይዞዎት» ከማለት በቀር መልስ አልነበረንም። ዛሬ አንብበንና ጠይቀን ያገኘነውን ይዘን ቀርበናል።

መልሱን ከራሳችን ሣጥን እንጀምር። የማኅበራችንን ሣጥን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሦስት ቁልፍ አለው፤ ቁልፎቹም በሦስት ሴቶች እጅ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንዲት አባላችን የአራት ወር ቁጠባ በመዝገቡ ላይ ሳይገኝ ቀረ። ገንዘቡ ሣጥኑ ውስጥ ነበር፤ ስሟ ግን አልተጻፈም። በጊዜው «ጸሐፊዋ ረስታ ነው፣ ከእሷ ጋር ተነጋገሪ» ልንላት ዳድቶን ነበር። እሷ ግን «እኔ ገንዘቤን ያስቀመጥኩት ማኅበሩ ዘንድ እንጂ ጸሐፊዋ ዘንድ አይደለም። የሚጠየቀው ማኅበሩ ነው» አለች። ትክክል ነበረች። ማኅበሩ ተጠየቀ፣ አጣራ፣ ከፈለ። ከዚያ በኋላ ደረሰኝ ሳይቆረጥ ብር ሣጥን እንዳይገባ ወሰንን።

ስለ ጦር ምርኮኞች የተጻፈው የዓለም ሕግም የሚናገረው ይህንኑ ነው። ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት ይባላል። የተፈረመው ነሐሴ 6 ቀን 1941 ዓ.ም. ነው፤ ኢትዮጵያም በ1962 ዓ.ም. አጽድቃዋለች። በአንቀጽ 12 ላይ ምርኮኛ ያለው በያዘው መንግሥት እጅ ነው፣ በማረኩት ወታደሮች ወይም ክፍለ ጦር እጅ አይደለም ይላል። ስለዚህ ለእናታችን ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይኼ ነው፤ የማረከውን ወታደር ማወቅ አይጠበቅብዎትም። የሚጠየቀው መንግሥት ነው።

ይህን ሕግ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ስናነበው በጣም ገረመን። ጀግንነትን ወይም ድልን የሚያወሳ ነገር አላገኘንበትም። የሚናገረው እኛ በየቀኑ ስለምንሠራው ሥራ ነው፤ ስለ መዝገብ፣ ስለ ደረሰኝና ስለ ሚዛን። ከምርኮኛ ኪስ ገንዘብ የሚወሰደው በመኮንን ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ያውም መጠኑና የባለቤቱ ስም በልዩ መዝገብ ተጽፎ፣ ዝርዝር ደረሰኝ ተሰጥቶት። ለእያንዳንዱ ምርኮኛ የራሱ የሒሳብ ገጽ ይከፈትለታል። ምግቡ ጤናውን የሚጠብቅና ከክብደቱ እንዳይቀንስ የሚያደርግ መሆን አለበት፤ ለዚህም ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ በሐኪም ይመረመራል፣ ይመዘናል። ወዲያው እንደተያዘ፣ ቢዘገይም ካምፕ በደረሰ በአንድ ሳምንት ጊዜ ውስጥ መያዙን ለቤተሰቡ የሚያሳውቅ ካርድ እንዲጽፍ ይፈቀድለታል። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ገብቶ ያየዋል፣ ያለ ጠባቂም ያነጋግረዋል። ውጊያው ሲያበቃ ሳይዘገይ ወደ አገሩ ይመለሳል።

የሕጉ ጸሐፊዎች ምርኮኛ የሚሞተው በጥይት ብቻ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። ስሙ ካልተጻፈ፣ የበላው ካልተቆጠረ፣ የሚጎበኘው ሰው ከሌለ ዝም ብሎ ይጠፋል። ለጠፋ ሰው ደግሞ ማንም አይጠየቅም።

እኛ አገር ይህ ደርሷል። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ፣ በተለይ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሶማሊያ ውስጥ ከሞቃዲሾ በስተደቡብ ወደሚገኘው ወደ ዳናኔ ተወስደው ታሰሩ። ከእስረኞቹ አንዱ የነበሩት አቶ ሚካኤል ተሰማ ከጦርነቱ በኋላ በሰጡት የምስክርነት ቃል፣ በየጊዜው ዳናኔ ከታሰሩት 6,500 ሰዎች 3,175ቱ በመጥፎ ምግብ፣ በመጥፎ ውኃና በበሽታ መሞታቸውን ተናግረዋል። ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። ቁጥሩን የምናውቀው አንድ እስረኛ ቆጥሮ፣ አስታውሶ፣ በመሐላ ቃሉን ስለሰጠ ነው።

ታዲያ ማን ተጠየቀ? ኢትዮጵያ ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ የአሥር ሰዎችን ስም ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን አቀረበች። ኢትዮጵያ ውስጥ ስለፈጸሙት ለፍርድ የቀረበ አንድም ሰው የለም። ግራዚያኒ በገዛ አገሩ ፍርድ ቤት 19 ዓመት ተፈርዶበት ነበር፤ እሱም ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ እንጂ በእኛ ሰዎች ላይ ባደረገው አልነበረም፤ ከወራት በኋላም ተለቀቀ። በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወሰነ። ኋላም በካሣው ገንዘብ የቆቃ ግድብ ተሠራ። ግድቡ ለአገር ጠቅሟል፣ አንክድም። ግን በዳናኔ ባሏ ለሞተባት ሴት በስሟ የተከፈተ ገጽ አልነበረም።

አሁን ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። ከዚህ በኋላ የምንናገረው ለአንዳንዶቻችን ሊከብድ ይችላል፤ እባካችሁ እስከ መጨረሻው ስሙን።

በ1990 ዓ.ም. ግንቦት ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተጀመረ። ከዚህ ከሰኮሩና ከአካባቢዋ የሄዱ ልጆች እንደነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። ኤርትራ ወደ 1,100 የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን ምርኮኞችን፣ ኢትዮጵያም ወደ 2,600 የሚሆኑ ኤርትራውያን ምርኮኞችን ያዙ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ በተፈረመው ስምምነት አምስት የሕግ ባለሙያዎች ያሉበት፣ ብዙዎች የካሣ ኮሚሽን የሚሉት ዳኝነት ተቋቋመ። ኮሚሽኑ ሄግ ላይ ተቀምጦ የሁለቱንም ወገን ክስ ሰማ። ሰኔ 24 ቀን 1995 ዓ.ም. መጀመሪያ ውሳኔ የሰጠው በምርኮኞች ጉዳይ ላይ ነው።

ከማስረጃዎቹ ዋናው ምን ነበር ብትሉ፣ ተማርከው የተመለሱ ወታደሮች የፈረሙበት የምስክርነት ቃል ነው። ስንት ቀን እንደተጓዙ፣ ምን እንደበሉ፣ ማን እንደመታቸው፣ ጓደኛቸው የት እንደሞተ የተናገሩት ተጽፎ ሁለት መንግሥታትን ጠየቀበት።

ኮሚሽኑ ኤርትራን ተጠያቂ ያደረገባቸውን ነጥቦች ስሙ። እስከ 1992 ዓ.ም. ነሐሴ ድረስ ቀይ መስቀል ምርኮኞቹን እንዳያይ ከልክላለች። በመማረክ ላይ ከመገደል አልጠበቀቻቸውም። ተደብድበዋል። ጫማቸው ተወልቆ ረጅም መንገድ ተጉዘዋል። ንብረታቸው ተወስዷል። በምግብ፣ በውኃ፣ በንጽሕናና በሕክምና ጉድለት ጤናቸው ለአደጋ ተጋልጧል። ከሕግ ውጭ የጉልበት ሥራ ሠርተዋል።

ይህን ስንሰማ ልባችን ይነዳል። ልጆቻችን ናቸውና።

ግን መዝገብ ሁለት ዓምድ አለው። በዚያው ቀን ያው ኮሚሽን በሁለተኛው ዓምድ ላይ ጻፈ። ኢትዮጵያን ተጠያቂ ያደረገባቸው ነጥቦችም አሉ። ኤርትራውያን ምርኮኞች ሲያዙ እንዳይደበደቡ በቂ ጥበቃ አልተደረገም። ጫማቸው ተወልቆ ረጅም መንገድ በባዶ እግራቸው ተጉዘዋል። ንብረታቸው ተወስዷል። በካምፕ ውስጥ ለዓመታት በግዴታ የፖለቲካ ትምህርት እንዲሰሙ ተደርገዋል። ምግባቸውና ሕክምናቸው ከሚገባው በታች ነበር። ውጊያው ካበቃ በኋላም 1,287 ምርኮኞች በጊዜው ሳይመለሱ ቆይተው የተለቀቁት ኅዳር 20 ቀን 1995 ዓ.ም. ነው።

ከካምፖቹ አንዱ ዴዴሳ ነበር። የዴዴሳ ወንዝ ከየት እንደሚነሳ ታውቃላችሁ፤ ቡናችንን ከምንለቅምበት ከጎማ ተራሮች ነው። ያ ነገር የሆነው በሩቅ አገር ነው ልንል አንችልም።

ስለ መዘግየቱ አንድ ነገር እንጨምር። ኢትዮጵያ ምርኮኞችን መመለስ ያቋረጠችው በ1990 ዓ.ም. አውሮፕላኑ አሥመራ ላይ ተመትቶ የተማረከው የኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስና የሌሎች ሰዎች ጉዳይ ሳይታወቅ በመቅረቱ ነበር። መንግሥታችን «ሰዎቻችን የት ገቡ?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። የእናታችንም ጥያቄ ይኸው ነው። ነገር ግን የአንድ ሰው ገጽ በአንዱ አገር መዝገብ ላይ ስለጠፋ፣ በሌላው አገር የነበሩ ከሺህ በላይ ሰዎች ተጨማሪ ወራት ታሰሩ። እነዚያም እናት ነበራቸው። ኮሚሽኑም መዘግየቱን ጥፋት ብሎ መዘገበው።

አንዳንዶቻችሁ «እነሱ የባሰ አላደረጉም ወይ?» ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ልክ ነው፤ የጥፋቱ ዝርዝር እኩል አይደለም። ኮሚሽኑም ሁለቱም ወገኖች ወታደሮቻቸውን ስለ ምርኮኛ አያያዝ ማስተማራቸውን በበጎ ጎኑ ጽፏል። እኛ የምንለው ሌላ ነው። አባላችን ገንዘቧ ሲጠፋ «በሌላው ማኅበር የባሰ ጠፍቷል» ብንላት ኖሮ ዛሬ ይህ ማኅበር አይኖርም ነበር። የገዛ ራሱን ዓምድ የማይሞላ ሰው የጎረቤቱን መዝገብ ለመመርመር አፍ የለውም። የእኛ ልጅ በሰው አገር በወጉ እንዲያዝ ከፈለግን፣ የሰው ልጅ በእኛ አገር እንዴት እንደተያዘ መጠየቅ አለብን። ሕጉ የሚጸናው በዚህ ነው።

ስለ ገንዘቡም እንናገር፤ ከሒሳብ ክፍል ነንና። ኮሚሽኑ የመጨረሻ የካሣ ውሳኔውን የሰጠው ነሐሴ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው። የምርኮኞችን ጨምሮ ለሁሉም ዓይነት ጉዳት ለኢትዮጵያ 174,036,520 ዶላር፣ ለኤርትራ ደግሞ 163,520,865 ዶላር ተፈረደ። አንዱ ከሌላው ሲቀነስ 10,515,655 ዶላር ለኢትዮጵያ ይተርፋል። ግን አልተከፈለም። ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. ሁለቱ መሪዎች አሥመራ ላይ ሰላም ሲፈራረሙም በሰነዱ ላይ ስለ ካሣ አልተነሳም። በሰላሙ ሁላችንም ተደስተን ነበር። ሒሳቡ ግን ሳይዘጋ ታለፈ።

«እኩል ስለሚሆን ይቻቻል» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። እዚህ ላይ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ አንስማማም። የአንድ ሰው ዕዳ ከዚያው ሰው ተቀማጭ ጋር ይቻቻላል። የአንዷ አባል ቁጠባ በሌላዋ አባል ብድር አይቻቻልም። ዛላምበሳ ቤቷ የፈረሰባት ሴት ሒሳብና ሰንዓፈ የተደፈረችው ሴት ሒሳብ አንድ ገጽ ላይ አይደሉም። በባዶ እግሩ የተነዳው የእኛ ወታደር ሕመም በባዶ እግሩ በተነዳው የእነሱ ወታደር ሕመም አይሰረዝም። መንግሥታት ዕዳቸውን ሲያቻችሉ የሚዘጋው የመንግሥታቱ ሒሳብ ነው። የሰዎቹ ገጽ ክፍት ሆኖ ይቀራል።

አሁን ደግሞ ወደ እናታችን ልጅ ጦርነት እንመለስ። በሰሜን የነበረው ጦርነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት ቆመ። ስምምነቱ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እንዲወጣ ያዛል፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤትም ፖሊሲውን ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. አጽድቋል። ከዚያ በፊት በ2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በጋራ ባወጡት ሪፖርት፣ ማሰቃየትና በዘፈቀደ ማሰርን ጨምሮ በሁሉም ወገኖች የተፈጸሙ ጥሰቶች ተዘርዝረዋል። በሁሉም ወገኖች ነው የሚለው።

የአገራችን ሕግም ለዚህ በር አለው። በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 272 በጦር ምርኮኞች ላይ የሚፈጸም በደል የጦር ወንጀል ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 መሠረት ማሰቃየትን፣ ሰውን መሰወርንና ያለ ፍርድ መግደልን የመሳሰሉ በሰው ዘር ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በይርጋ አይታገዱም፤ በምሕረት ወይም በይቅርታም አይታለፉም። ጊዜ ስላለፈ ብቻ ይህ ገጽ አይዘጋም ማለት ነው።

ሕግ ግን በራሱ አይነሳም። ቋንቋችን ይህን ጥሩ አድርጎ ያውቀዋል። የታሰረን ሰው ስንቅ ይዞ የሚጎበኝ ሰው «ጠያቂ» ይባላል። ጥያቄ የሚያቀርብም «ጠያቂ» ነው። መልስ መስጠት ያለበት ደግሞ «ተጠያቂ»። ጠያቂ የሌለው እስረኛ ይረሳል፤ ጠያቂ የሌለው መንግሥትም ተጠያቂ አይሆንም። እኛ ሴቶች እስረኛ መጠየቅን እናውቅበታለን። እንጀራውን ጠቅልለን፣ ቡናውን በፔርሙስ ይዘን ከበር ስንመለስ፣ ነገ እንደገና ስንሄድ ኖረናል። የቀረን በዚያው ትጋት በወረቀት መጠየቅ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ለጉባኤው እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በማኅበራችን አንድ መዝገብ ይከፈት። ልጇ፣ ባሏ ወይም ወንድሟ ወደ ጦርነት ሄዶ ያልተመለሰላት አባል ትምጣና ስሙን እስከ አያት፣ የተወለደበትን ቀን፣ የተመለመለበትን ቦታ፣ የክፍሉን ስም የምታውቅ ከሆነ እሱንም፣ መጨረሻ የደወለበትን ቀንና ቁጥር ታስመዝግብ። ፎቶግራፍና ደብዳቤ ካለ ቅጂው ይያያዝ። መጻፍ ለማትችል እኛ እንጽፋለን። ተመርኮ የተመለሰም ካለ፣ የደረሰበትን በፈቃዱ ይናገር፤ ጽፈን እናነብለታለን፣ ይፈርምበታል፣ ቅጂው በእጁ ይቀራል። ማንም እንዲናገር አይገደድም።

ሁለተኛ፣ ከዚህ መዝገብ ተነስተን በጽሑፍ እንጠይቅ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተለያዩ ቤተሰቦችን የማገናኘትና የጠፉ ሰዎችን የመፈለግ አገልግሎት አለው። የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም አቤቱታ ይቀበላል። ደብዳቤ ስናስገባ ቀንና ቁጥር እናስጽፍ፣ ቅጂውን በማኅተም እንቀበል። «አመልክቻለሁ» ማለትና «አመልክቼ የተቀበሉበት ይኸው» ማለት አንድ አይደሉም። ደጋፊዎቻችንንም የምንለምነው ለዚሁ ነው። ለትራንስፖርት፣ ለፎቶ ኮፒና ለአንድ የሕግ አማካሪ የሚበቃ ድጋፍ ብታደርጉልን፣ ወጪውን እንደ ሌላው ሁሉ ከነደረሰኙ እናቀርባለን።

ሦስተኛው ገንዘብ አይጠይቅም። በስልካችን የምርኮኛ ቪዲዮ ይመጣል። አንዱ ተንበርክኮ ይሰደባል፤ ሌላው ፊቱ በደም ተሸፍኖ ስሙን እንዲናገር ይገደዳል። እኛም አንዳንዴ «የእነሱ ነው» ብለን ለሌላ ሰው እንልካለን። የጄኔቫው ሕግ አንቀጽ 13 ምርኮኛን ከስድብና የሕዝብ መመልከቻ ከመሆን ይጠብቀዋል። ያንን ቪዲዮ የምትከፍት አንዲት እናት አለች፤ ልጇን ያየችው እንደዚያ ሆኖ ነው። ዛሬ የእሷ ነው፣ ነገ የእኛ ሊሆን ይችላል። ከእንግዲህ የየትኛውም ወገን ምርኮኛ በእኛ ስልክ አይዘዋወር። ይህን በቃለ ጉባኤ እናስፍረው።

ወደ መጀመሪያዋ እናታችን እንመለስ። እማማ፣ ልጅዎ የት እንዳለ ዛሬ ልንነግርዎት አንችልም፤ የማናውቀውን ተስፋ አንሰጥዎትም። ግን «ማንን ነው የምጠይቀው?» ላሉን መልሱ ይኼ ነው፤ ልጅዎን የላከውን መንግሥት የት እንዳደረሰው ይጠይቃሉ፤ ተማርኮ ከሆነም የያዙትን ወገኖች እንዴት እንደያዙት ይጠይቃሉ። ብቻዎንም አይጠይቁም። አዲሱ መዝገብ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ መስመሩን አስምረንበታል፣ ገና ምንም አልተጻፈበትም። ከስብሰባው በኋላ ይምጡ። የመጀመሪያው ገጽ በልጅዎ ስም ይከፈታል፤ ደረሰኙንም ለእርስዎ እንቆርጣለን።